ታይፎይድ ያልነው ሕመም

እታለም፣ እህቴ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍሁልሽ ቁም ነገር ስለማይሆንልኝ ነው፤ ታናሽ ወንድምሽ ከቀልድ በቀር ምን እንደሚያውቅ አንቺ አታጪውም። ዛሬ ግን ቀልዱም ከዳኝ።

ጓሮ የተከልሻት ፓፓያ አፍርታለች። እኔ ያው ጣና ዳር የጀልባ ሞተር ስፈታ ስገጥም እውላለሁ፤ ለልጅሽ ቅርብ ልሁን ብዬም ሹም አቦ ሰፈር ያንቺው ቤት ገብቻለሁ። ቤዛ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጭ አገር ላለ ኮሌጅ እያመለከተች ነው። ማመልከቻው፣ ምን አልፈሽ እዚህ ደረስሽ የሚል ድርሰት ይጠይቃል።

የጻፈችው ያንን ክረምት ነው። ከአልጋ መነሳት አቅቷት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የከረመችበትን፤ እኛ ለጎረቤቱም ለትምህርት ቤቱም «ታይፎይድ ነው» ያልንበትን። በነጠላሽ ሸፍነሽ ወደ አእምሮ ሐኪም ስትወስጃት፣ ቀኑን ሙሉ ከጀርባዋ ተኝተሽ፣ ምንም ሳትናገሪ እጅሽን ወገቧ ላይ ጥለሽ ስትውይ፣ ሁሉንም።

እንግሊዝኛ ከቱሪስት እየለቃቀምሁ እንደተማርሁ ታውቂያለሽ። «አጎቴ፣ ፈረንጅ የሚስቅብኝ ስህተት ካለ አርምልኝ» ብላ ሰጠችኝ። አነበብሁትና ፈራሁ። ታመሽ ሳለሽ፣ ይህን ነገር ሰው እንዳይሰማባት ብለሽ አስምለሽኛል። ደግሞስ ኮሌጁ «እዚህ መጥታ ብትታመምብንስ» ብሎ ቢጥላትስ? አስተማሪዋ ተይው ብሏታል፤ ጓደኛዋ እውነቱን ጻፊ ብላታለች። እኔ ምኑን አውቄ ልፍረድ? ግን ፈረድሁ። ወጣ ስትል ጠብቄ ላፕቶፑ ላይ የጻፈችውን ሁሉ አጠፋሁና ታይፎይድ አደረግሁት። ትኩሳት ጨመርሁበት። ደግ ሽማግሌ ሐኪም ፈጠርሁለት። ጀልባ ላይ እንግዳ ሳስቅ እንደምዋሸው፣ አሳምሬ።

ስትመለስ አነበበችው። አልጮኸችም። «አጎቴ፣ ይቺ ልጅ ማን ናት?» አለችኝና ገብታ ተኛች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

ይኸው ሦስት ቀኗ። ከውኃ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልቀመሰችም። ዱርቤቴ ወስጄ ለበሬ ነጋዴ ነው የምድርሽ ስላት በሳቅ የምትንከባለለዋ ልጅ፣ ዛሬ ብላት ትከሻዋም አልተነቃነቀ። በሽታው ተመልሶ ይሁን በእኔ አዝና፣ መለየት አቃተኝ፣ እታለም። ሐኪሟ ዘንድ ደወልሁ፤ ነገ ጧት ይዘሃት ና አለኝ። ማመልከቻው የሚዘጋውም ነገ ነው።

ዛሬ እማማ የሺ ከጎረቤት ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ይዘው መጡ። «ምነው፣ ያ ታይፎይድ ተመለሰባት እንዴ?» አሉኝ። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አፌን ከፍቼ ሳለሁ የክፍሏ በር ገርበብ ማለቱን አየሁ። ትሰማናለች። «የለም እማማ፣ ያን ጊዜም ታይፎይድ አልነበረም። ድብርት የሚሉት ሕመም ነው። ዋሽተንዎት ነው» አልኋቸው። እሳቸው ሎሚውን እጄ ላይ አስቀመጡ። «እናቷ ያን ሁሉ ብቻዋን ነው የቻለችው በለኛ» አሉ።

መሐላሽን አፈረስሁ። ይቅር በይኝ፤ ካልሆነልሽም ተቆጪኝ። ድርሰቷን መጀመሪያ በእጇ ከጻፈችበት ደብተር ቃል በቃል ገልብጬ መልሻለሁ፤ ላፕቶፑንም አጠገቧ አኑሬዋለሁ። ትላከው፣ ትተወው፣ ያቺን ክረምት ያለፈችው እሷ ናት። ከእንግዲህ አልነካባትም። ይህን ሁሉ ነገርኋት። ፊቷ ግን አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።

አሁን ጫማዬን አውልቄ፣ አንቺ ትተኚበት በነበረው በኩል የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። አተነፋፈሷን እያዳመጥሁ ነው የምጽፍልሽ። እጄን ልጣልባት እላለሁ፣ እፈራለሁ። ስላንቺ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ልጅሽን በዚያ ክረምት እንዴት አድርገሽ እንዳቆየሻት ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ እስክሞት የማስታውስሽ በዚህ ነው። ብቻ እታለም፣ ትዙርልኝ።