ያጠብኩት ጥቀርሻ

ዊንኮም መንደር፣ ዶርሴት
ጁን 9 ቀን 1986

ለምወድህ ልጄ ሂዩ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኛ ከጣሪያችን በስተቀር ደህና ነን። እሱማ እንደምታውቀው ነው፤ ውጭ ሲያካፋ ውስጥ ዶፍ ይጥላል። አባትህ ራቱን የሚበላው ባርኔጣውን ደፍቶ ነው።

«ቤቱን ሽጡና ሊፍት ያለው አፓርታማ ግቡ» ያልከውን አንብበናል። አባትህ «ይሄን ልጅ የኒውዚላንድ ፀሐይ ናላውን አዙሮታል!» ብሎ እኔን አኮረፈኝ፤ እኔ የጻፍኩት ይመስል። ገዢም መጥቶ ነበር፤ አፍርሶ ሆቴል ሊሠራበት። ተስፋችን አንድ ብቻ ነበር፤ መንግሥት ቤቱን በጥንታዊነቱ ከመዘገበው ማፍረስ ይከለከላል፣ ለጣሪያውም እርዳታ ይገኛል።

ችግሩ ቅድመ አያትህ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በጡብ ሲሠራ «የባላባት ቤት አሮጌ ነው ልባል?» ብለው የቤቱን ፊት በሙሉ አዲስ ጡብ አለበሱት። ያየው ሁሉ የትናንት ቤት ይመስለዋል። አባትህ ደግሞ ለጎብኚ «ንጉሡ እዚህ አልጋ ላይ አድረዋል» ይላል። የትኛው ንጉሥ ሲሉት ሳል ይይዘዋል።

ባለፈው የጥንታዊ ቤቶች መርማሪዋ ሚስ ፔንሮዝ ልትመጣ ነው ሲሉኝ፣ እንግዳ በቆሻሻ ቤት ይቀበላል እንዴ ብዬ ታጥቄ ተነሣሁ። ጣሪያው ሥር ድረስ ወጥቼ ወራጆቹን በሳሙናና በሽቦ ቡርሽ ፈተግኋቸው። የስንት ዘመን ጥቀርሻ መሰለህ! ወገቤ ተቆረጠ፤ እንጨቱ ግን ፈካ።

ሚስ ፔንሮዝ ገና መሰላሉን ወጥታ ሳትጨርስ «ጥቀርሻውስ?» አለች።

«የቱ ጥቀርሻ?» አልኩ፣ ምስጋናዬን እየጠበቅሁ።

«የድሮ ሰዎች ጭስ ማውጫ አልነበራቸውም፤ እሳቱ የሚነደው አዳራሹ መሃል ነበር። ጣሪያው ጥቀርሻ ካለበት ቤቱ የስድስት መቶ ዓመት ነው። ከሌለበት ግን…» ብላ የነጣውን እንጨት በጣቷ ዳሰሰችው።

ክው አልኩ። እጄ ድሮም አመድ አፋሽ ነው! አባትህ ከታች ሆኖ «አንቺ ሴትዮ፣ ጦርነት ያላፈረሰውን ቤት በሳሙና አፈረስሽው!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ያኛው ጥግስ ለምን ጠቆረ?» አለች ሚስ ፔንሮዝ።

«እሱን ይተዉት፤ የሌሊት ወፎች ሰፍረውበታል» አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ። «እነሱን መረበሽ በሕግ ክልክል ነው ብለውን አልነካሁትም።»

ባትሪዋን አብርታ አየችና ሳቀች። ጥቀርሻው እንዳለ ቁጭ ብሏል፣ ከሰል መስሎ! አባትህ ዕድሜ ልኩን የረገማቸው ወፎች ጉድ ሠሩልን።

ትናንት መመዝገባችን ተነገረን። አባትህ ወጥቶ ለወፎቹ ባርኔጣውን አነሣላቸው። ንጉሡም አሁን በአባትህ ወሬ የተኙት ከወፎቹ ሥር ሆኗል።

ከእንግዲህ ያለ ፈቃድ ሚስማር መንቀል እንኳ አይቻልም። ስለዚህ ክፍልህን አልነካሁትም፤ አልጋህም የክሪኬት ዱላህም እንደተውካቸው ናቸው። ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው። አባትህ «ሕጉ ታዲያ አንሶላውን በየሳምንቱ ቀይሪ ይላል?» ይለኛል። አባትህ ሕግ አያውቅም።

እግዜር በሄድክበት ይከተልህ፤ የመመለሻውንም መንገድ ያሳጥርልህ።

እናትህ ኮንስታንስ