አንድ ሱቅ፣ ሦስት ነጋዴ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለበላይነሽ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ኃይለየሱስስ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ነኝ።

ሥራ ያዝኩ ብልሽ ምን ዓይነት ሥራ ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ይኸውልሽ፣ በአጎታችን በጋሼ ንዋይ ሱቅ ሒሳብ እጽፋለሁ። እንደምታውቂው ዛሬ ለአንድ ሰው ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ አይሰጥም። ጋሼ ደግሞ ሁሉንም መሸጥ ይወዳል። ስለዚህ ጨውና ሳሙናውን በራሱ፣ ክርና ሻማውን በሚስቱ በእትዬ የሺዓለም፣ በርበሬና ቅመሙን በአማቱ በአዴ ቡዜ ስም አወጣ። ሱቁ ያው አንድ ነው፤ ኪሱም የጋሼ ኪስ ነው። የኔ ሥራ ሦስት ደብተር ይዞ የእያንዳንዳቸውን ሽያጭ ለየብቻ መጻፍ ነው። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪልኝ።

ጥፋቱ ደብተሩን አሳምሬ መያዜ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ አነብላቸዋለሁ። እትዬ የሺዓለም ክሯ ከጋሼ ጨው በልጦ መሸጡን የሰማች ዕለት አንገቷ ቀና አለ። በነጋታው መብራት ጠፍቶ ጋሼ ሻማ ቢያነሳ፣ “ጻፊበት!” አለችኝ። አዴ ቡዜም ነጋዴ መሆናቸውን ሲሰሙ ከቡልቡላ በርጩማቸውን አስጭነው መጡና በርበሬው ፊት ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው እንኳ ለወጥ የምትጨምረውን በርበሬ በገበያ ዋጋ ሆነ የምታገኘው። ጋሼ ደግሞ ተናዶ ጨዉን ቆለፈ። ሳምንቱን ሙሉ ጨው የሌለው ወጥ በላን።

ባለፈው ማክሰኞ አቶ ራህመቶ የሚባል ተቆጣጣሪ መጣ። ለካ አንድ ምቀኛ ሦስቱም የአንድ ሰው ሱቅ ነው ብሎ ጠቁሞ ኖሯል። ይህ ከታወቀ ሱቁ ይታሸጋል፣ ጋሼም ይታሰራል። ሰውየው ሦስቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያስተያይ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ። “የሦስት ነጋዴ ሒሳብ በአንድ እጅ ጽሕፈት?” አለኝ። ሞኝነቴ ያን ጊዜ ገባኝ። ሦስቱም ቀጥረውኝ ነው አልኩት።

በዚህ መሃል እትዬ የሺዓለም ከጓሮ ገብታ፣ እንግዳውንም ልብ ሳትል፣ በርበሬ ልትዘግን እጇን ሰደደች። አዴ ቡዜ አፈፍ አድርገው ያዟትና፣ “ያ ዋቃ፣ አምላኬ! የባለፈውን ሳትከፍዪ?” አሉ። እሷ ወደ ባሏ ዞራ፣ ለዚህ ያበቃን ያንተ ጨው መቆለፍ ነው አለችው። ጋሼም ተቆጣጣሪውን ረስቶ የወሰደችውን ሳሙና እንድትከፍል ጮኸባት። ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰበሰበ።

አቶ ራህመቶ ደብተሮቹን ዘጋ። “ከአንድ ኪስ የሚበላ ሰው እንዲህ አይጣላም” ብሎ ሦስቱ ለየራሳቸው ነጋዴ መሆናቸውን ፈርሞልን እርፍ! ይህም አልበቃው፤ ሽማግሌ ሆኖ ሊያስታርቃቸው ተቀመጠ። እሱ ተስማሙ ሲል ጋሼ ነገሩ እንዳይነቃበት ፈርቶ፣ “እኛ መቼም አንስማማም!” ይላል። በመጨረሻ ጋሼን የአማቱን ጉልበት አስስሞ አስታረቃቸው። መታረቃችሁን ተመልሼ አያለሁ ብሎም ሄደ።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ደብተሩ ይቅር ብሎ ነበር፤ አዴ ቡዜ እምቢ አሉ። በዕድሜያቸው ስማቸው ወረቀት ላይ ሲሰፍር የመጀመሪያቸው መሆኑን ሲናገሩ አንጀቴን በሉት። ጋሼም ደብተራቸውን በአዲስ ልባስ ራሱ ለበጠላቸው።

አሁን የጨነቀን ፍቅራቸው ነው። ሳሙናው፣ ሻማው፣ በርበሬው በነፃ ይሰጣጡታል። ሰውየው መጥቶ ይህን ካየ ኪሱ አንድ መሆኑን አውቆ ሱቁን ያሽግብናል። ስለዚህ እሱ ብቅ ሲል እኔ በር ላይ ሆኜ እህ እህ ብዬ ልስል፣ እነሱ ወዲያው ሊጣሉ ተስማማን። ትናንት ለሙከራ ብስል፣ ሦስቱ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ።

ጋሼ፣ እትዬ የሺዓለምና አዴ ቡዜ ሰላም ብለውሻል፤ ለየብቻ ጻፊልን ስላሉኝ ሦስት ጊዜ ሰላም ብለውሻል በይው። ኃይለየሱስን እጅ ንሺልኝ። ትንሿን ልጅሽን መሰለችን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ።

እህትሽ አሰለፈች
ናዝሬት፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.