ንግግሬን ለተናገሩልኝ ለአቶ ቀናው

ለክቡር አቶ ቀናው፣ በአቃቂ የሃዲድ ጥገና ክፍል አለቃ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሠራተኛው በትከሻው ተሸክሞ ሲያዞርዎት ወገብዎን እንዳላመመዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ያለምወርቅና ልጆቻችን የጅቡቲው ሥራዬ አብቅቶ ባለፈው ሳምንት በደህና ገብተናል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለምስጋና ነው፤ የእርስዎ ውለታ በጓዳ የሚመሰገን አይደለምና።

አንደኛ፣ ስለ ሹመቴ አመሰግናለሁ። አምና በስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ፉርጎ እግሩን የቆረጠው ጓደኛችን ሁንዴ ያለ ጡረታ ለምን ይሰናበታል ብዬ ስጠይቅ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። በሳምንቱ አስጠሩኝና፣ "አሻግሬ፣ እንዳንተ ያለ ሰው እዚህ መባከን የለበትም፤ ቤተሰብህን ይዘህ ጅቡቲ ትሄዳለህ" አሉኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀናብኝ። ውጭ ሀገር ነዋ።

ሁለተኛ፣ ስለ ውጭ ሀገሩ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ከሙቀቱ የተነሣ ውሃ የነካ አንሶላ ለብሰው ጣሪያ ላይ ይተኙ ነበር። የካቲት ላይ እዚህ ታክሲው ሲቆም፣ ሠራተኛው አድማ ሲመታ፣ ያለምወርቅ አቃቂ የቀሩትን እናቷን እያሰበች እህል አልቀምስ አለች። እኔም ከሬዲዮኑ ሥር አልነሣ አልኩ። ለአማቴ የተጨነቅሁ መስሏት ታጽናናኝ ነበር፤ እኔ ግን የሀገሬ ሰው ሁሉ አፉ በተፈታበት ሰሞን ጥላ ፍለጋ በመዋሌ ቅናት ይዞኝ ነበር። ከዚያ አንድ ባቡር ነጂ ከዚህ መጥቶ ወሬውን ነገረን፤ አቃቂ ላይ ፉርጎ ጫፍ ወጥቶ፣ ሁንዴ ያለ ጡረታ ለምን ይሰናበታል ብሎ ሠራተኛውን ያስነሣው ሰው እርስዎ ነበሩ።

ያለምወርቅ፣ "ማንም ይናገረው፤ ለሁንዴ ጡረታው ከወጣለት አንተን ምን ቸገረህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህም እስካሁን ተቀይሜያታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አቀባበልዎ። ከባቡር እንደወረድን በሰው ፊት አቅፈው ሳሙኝና፣ "ይህ ወንድማችን እኛ ስንታገል ውጭ ሀገር ሲዝናና የከረመ ነው፤ ግን አንቀየመውም" አሉ። ሠራተኛው ሳቀ። ጡረታው የወጣለት ሁንዴም በምርኩዙ ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ ፉርጎው ላይ ወጥተው ሲናገሩ የገዛ ልጄ ዙፋን አጨበጨበችልዎት።

እኔም ከኋላ ቆሜ ሰማሁዎት። ጥሩ ተናገሩ። እኔ ብሆን ድምፄ ይርድ ነበር፤ ሰውም ግማሹን ሳይሰማ ይበተን ነበር። ሹመቱንም፣ ሙቀቱንም፣ ሳቁንም ይቅር ብያለሁ፤ ይህች ከእኔ አሳምሮ መናገርዎ ግን ከሆዴ አልወጣ አለችኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ፤ እርስዎ ቀናዎት፣ እኔ ቀናሁ።

ከትከሻ በታች፣ ከጭብጨባውም በስተኋላ ሆኖ በትሕትና እጅ የሚነሣዎት፣
አሻግሬ ወልደሚካኤል
አቃቂ፣ ሰኔ ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ድጋሚ፦ በሠራተኛ ተወካዮች ምርጫ አንድ ድምፅ ጎድሎብዎት እኔን እንደጠረጠሩ ሰማሁ። እኔ የመረጥኩት እርስዎን ነው፤ ጡረታ የተከለከሉ ሌሎች ሰዎች አሉና መናገር የሚችል ሰው ያስፈልጋቸዋል። የጎደለችውን ድምፅ እዚሁ ከሚሠሩት ቤተ ዘመድዎ ይፈልጓት፤ እኛ እርስዎን የምናውቅዎት በሥራ ሰዓት ብቻ ነው።