ቀጥ ብሎ የቆመው ሩዝ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጅሽስ እንዴት ናቸው? የደሴ ብርድ ደረትሽን ተወት አድርጎሽ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እያፈርኩ ነው፤ በዚህ ዘመን እዚህ አገር ፊቱ ሞላ ብሎ የሚታይ ሰው ወይ ካድሬ ነው ወይ የካድሬ አጃቢ፤ የኔም ፊት ሳይሞላ አልቀረም። ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ መጻፌ አያስደንግጥሽ። ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ አሁንም ዝም እል ነበር።

ባለፈው ግንቦት ጓድ ብዙነህ የሚባል ካድሬ ተመደበልን። ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ ስትሄጂ ግማሽ ቀን ተጉዘሽ የምታገኚው አንድ ጨፌ አለ፤ ምንጭ ስላለው ዝናብ ሲጠፋ እንኳ ሣሩ አይደርቅም። የዚያ ገበሬ ማኅበር ከብት እስካሁን የተረፈው በሱ ነው። ብዙነህ ውኃውን አየና ጨፌው ታርሶ ሩዝ ይዘራበት አለ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መታሰቢያ ይሆናል ተብሎ ከቆላ የመጣ ዘር ተራገፈ። የልማት ሠራተኛው እኔ ነኝ። ሩዝ ሙቀት ይወዳል፣ የኛ ውርጭ ያመክነዋል ማለት ነበረብኝ። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አልኩ። አንቺ መቼም አትገረሚም፤ የተውሽኝም እሺ ባይነቴ አንገፍግፎሽ ነው።

የሩዝን አበባ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለተግባር ትምህርት አዋሽ የወረድን ጊዜ ሌላው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ አንቺ በማጉያ መነጽር ዘለላውን እያየሽ ቀረሽ፤ እኔ ደግሞ አንቺን እያየሁ። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሁለቱ ቅርፊቶች ፈቀቅ አሉ። ስድስት ቀጫጭን ክሮች ብቅ አሉ፤ በየክሩ ጫፍ አንዳንድ ትንሽ ከረጢት። ከረጢቶቹ ተሰነጠቁና ቢጫው የአበባ ዱቄት እዚያው በራሱ አበባ ሴቴ ክፍል ላይ ረገፈ። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቅርፊቱ ተመልሶ ገጠመ። ፍሬ የሚፀነሰው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ትንፋሼ እንዳይበትነው ብለሽ አፌን በእጅሽ ያዝሽኝ።

የኛ ሩዝ መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ዘለላው ገና በአገዳው ሆድ ውስጥ ሳለ፣ ውርጭ ወረደበት። ጥቅምት ላይ ዘለላው ሲወጣ አራት ሰዓት ጠብቄ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቅርፊቶች ከፈት አሉ፤ ክሮቹም ወጡ። ከረጢቶቹ ግን ነጫጭና ጭምትርትር ያሉ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልተሰነጠቁም። አንዱን በመርፌ ቀደድኩት፤ ውስጡ ምንም የለም። አምስት ቀን ተመላለስኩ፤ አምስቱንም ቀን ያው ነው።

ብዙነህ መቼ ነው የሚያፈራው ብሎ ሲያፋጥጠኝ ፈራሁና ቀን ለመግፋት ብዬ አንድ ነገር ቀባጠርኩ። ሌላ አገር ዱቄቱ እንዲረግፍ በአበባው ላይ ገመድ ይጎትታሉ አልኩት። እውነት ነው፣ ይጎትታሉ፤ የሚረግፍ ዱቄት ሲኖር ነው እንጂ! በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፊሽካ ተነፋ። ከሌሊት ካልተነሱ ዘመቻ የሚሆን አይመስለውም። መቶ ሃያ ረሃብተኛ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ አበባው ገና ጥርቅም እንዳለ፣ ገመድ ይዞ ጭቃ ውስጥ ሲራወጥ ዳር ቆሜ አየሁ። አበባው የሚከፈተው አራት ሰዓት ነው ማለት እንኳ አቃተኝ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እናቴም ያን ዕለት ብታየኝ አትቀበለኝም።

አልታየች የምትባል፣ ባሏን ዘንድሮ የቀበረች ሴት፣ ገመዱን እንደያዘች ተደፋች። ውኃ ረጨንባት። ዓይኗን ስትገልጥ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ቀጥላም ይኸ ሩዝ የሚሉት እንጀራ ይወጣዋል ወይ አለችኝ። የለም፣ ይቀቀላል አልኳት። ውኃው ስንት እንደሚሆን፣ እሳቱ መቼ እንደሚቀነስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ሰማሽኝ? የሌለ እህል አቀቃቀል ለራበው ሰው አስተማርኩ!

የማኅበሩ ሽማግሌ ሼህ ጀብሪል ደግሞ ጨፌው ከታረሰ ወዲህ ሁለት ላም ሞቶባቸዋል። አንድ ዘለላ ቀጥፈው በጥፍራቸው ፈለቀቁት። ልጄ፣ እኔ ወላሂ ሩዝ አላውቅም፤ ግና የያዘ እህል አንገቱን ይደፋል፣ ይኸ ምነው እንዲህ ተንጠራራ አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና አብሽር፣ አላህ ያውቃል ብለው ሄዱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል፣ እኔም እንደገባቸው ገብቶኛል።

ጥቅምት ሳያልቅ ጎብኚዎች መጡ። ብዙነህ ቀጥ ብሎ የቆመውን ዘለላ እያሳየ፣ ሩዛችን እንደ አብዮታዊ ሠራዊታችን አንገቱን አይደፋም አላቸው። አጨበጨቡ። በግ ታርዶ ነበር፤ ሕዝቡ ዳር ተሰልፎ እየተመለከተ ተበላ። አንዱ እንግዳ የእጁን ጮማ በሩዙ ቅጠል ጠረገ። እኔም በላሁ። አጥንት ሳይቀር ግጬ በላሁ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ በሸተተኝ ቁጥር ከሥጋው ይልቅ የምከረፋው እኔው ራሴ ነኝ።

በሳምንቱ ሪፖርቱ ተዘጋጅቶ ቀረበልኝ። በሄክታር ሠላሳ ኩንታል እንደሚገኝ፣ ማኅበሩም ራሱን ስለቻለ አራት መቶ አሥሩ አባወራ ከእርዳታ ዝርዝር እንዲሰረዝ ይላል። ከታች የባለሙያ ፊርማ ይጠይቃል። ፈረምኩ። ቀለሙን እንኳ እፍ ብዬ አደረቅኩት። የሚያስጠላኝም እሱ ነው።

ወረቀቱ ትናንት ወደ ደሴ ሄደ። እዚያ እርዳታ ቢሮ ዝርዝሩ የሚያልፈው ባንቺ እጅ መሆኑን ሰምቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ከወር ወር የሚያደርሳቸው ያ የእርዳታ ስንዴ ብቻ ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ከተቋረጠ ጥርን የሚያይ ብዙ አይኖርም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ዘለላ ልኬልሻለሁ። ፈልቅቂውና ከረጢቶቹን እዪያቸው፤ ላንቺ እሱ ይበቃል። አለቆችሽ ግን የሚያምኑት ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ከሪፖርቱ ጋር አያይዢው። አንዱን ለቢሮ፣ አንዱን ላንቺ ለይቼ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ ለቢሮ የጻፍኩት ግን በየመስመሩ ራሴን ማመካኘት ሆነብኝ፣ ቀደድኩት። ስለ ቤተሰብሽ፣ ስለ አዋሽ፣ አንቺንም ደብዳቤ አድራሹንም የሚያስጠረጥር ሁሉ በመቀስ ይውጣ። ስምሽን የትም አልጻፍኩም። ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ በዪ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ጨው ነጋዴው ንጉሡ ነው። ምንም አያውቅም፣ አትጠይቂው። መልስም እንዳትልኪ፤ በስሜ የሚመጣውን ከእንግዲህ የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ወረኢሉ ያለችው እናቴ የት ደረሰ ብላ ከመጣችብሽ፣ ለረጅም ሥልጠና ሄዷል በያት።

ልጅሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን እህልና ሳቅ አይለየው። ደረትሽን ጠብቂ፣ በብርድ አትውጪ።

የድሮ ወዳጅሽ

ከዚህ በታች ያለው ለቢሮው ነው፦
አድማሴ ፈንታዬ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ። ፊርማዬ በሪፖርቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር።