ከአልጋሽ የወረደው አጎበር

ቦርደዴ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብሩ ሚስት፣ ለእኔም ልጄ ለሆንሽው ለዮሐና፤ መቻራ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ስልኬን አታነሺም፣ አልፈርድብሽም። ይህን ወረቀት ሹፌሩ ሙከሚል ያደርስልሻል።

ያን ቀን ቺሮ ሆስፒታል ሕፃኑ ሞቶ ሲወለድ፣ ዶክተር ኑሃሚን «የሞተበትን ምክንያት ለማወቅ ነው፤ በቢላ አንነካውም፤ በቀጭን መርፌ ትንሽ ናሙና ብቻ እንወስዳለን፣ የእንግዴ ልጁንም እናስመረምራለን» ስትል አንቺ ፈርተሽ ነበር። «ይታይ!» ብዬ የገፋፋሁሽ እኔ ነኝ። ለደግ አልነበረም። በባጃጅ እየተንገጫገጭሽ ለማስተማር በመመላለስሽ እንደገደልሽው ሐኪም እንዲመሰክርልኝ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ብዬ አውርቻለሁ፤ ወደ አባትሽ ቤት የሄድሽውም በእኔ ምላስ ነው።

ዛሬ ከብሩ ጋር ሄደን ውጤቱን ሰማን። ወባ ነው። እንግዴ ልጁ ውስጥ ሞልቶ ተገኘ። ራሴን አመመኝ ስትይ «ቅብጠት ነው» ያልኩሽ ትዝ አለኝና ክው አልኩ።

ዶክተሯ ግን አልጨረሰችም። «እማማ ባየች፣ ዮሐና ያለ አጎበር ነበር የምትተኛው። ተቀዶብኝ ጣልኩት ብላ አስመዝግባለች» አለችኝ።

ብሩም «ለእኔም እንደዚያው ነው ያለችኝ» አለ።

ዮሐና፣ ሐምሌ ላይ አጎበሩን ከአልጋሽ አውርጄ ጫጩቶቼን ከጭልፊት የጋረድኩበት እኔ አይደለሁም እንዴ? አይተሽኝ ዝም አልሽ። እኔ በየደጁ ስምሽን ሳጠፋ፣ አንቺ ሐኪም ፊት እንኳ ጉዴን ሸፈንሽልኝ። ምነው አንድ ቀን ብትጮኺብኝ!

ቤት እንደገባን ብሩን ወደ ጫጩቶቹ ወሰድኩትና አጎበሩን አንስቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ወጥሮ ከዳር እስከ ዳር ቀዳዳ ፈለገ። አንድም አላገኘም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያማሁሽ ሴቶች ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ነይ አልልሽም፣ ምን ፊት አለኝ? ብሩ ግን ቅዳሜ ወዳንቺ ይመጣል፤ እሱን በእኔ ኃጢአት አትመልሺው።

የነፈግሁሽን ምሕረት ለእኔ አልለምንም። ለአንቺ ግን እመቤቴ ማርያም ያጎደልኩብሽን ትሙላልሽ።

በዳይሽ፣
ባየች