እማዬ ታይ ምግብ ቤት «በቃኝ» ያለች ቀን

ረቡዕ፣ ኅዳር 17፣ ሞጣ

ዳዊት ደውሎ ምሳው የታይ ምግብ ቤት ይሁን አለኝ። ያውም የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ለእማዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ዓርብ አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላት፤ ከቢቸና ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ዳዊትም ለሥልጠና እዚያው ነው። እዚህ ሞጣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን አዳማ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ይፈልጋል። እማዬ ደግሞ «ሰውየውን ሳላየው ሽማግሌ አላስገባም» ብላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ምሳ ጋበዛት። የሁለት ዓመት ነገር በአንድ ምሳ ሊወሰን ነው።

ለምን ደህና በያይነቱ ያለበት ቤት አይሆንም አልኩት። እሱንማ ቤታቸው ይበሉታል አለኝ፤ አይተውት የማያውቁትን ነገር ላሳያቸው ብሎ ነው። ጾሙንም አስቦበታል። ሁለት ጊዜ ደውሎ ዓሣም ሆነ የዓሣ መረቅ እንዳይገባበት አስጠንቅቋል። እዚህ ላይ ልቤ ራራ።

የሚያስጨንቁኝ፦ ደረጃው። የምግቡ ስም። የእማዬ ዝምታ። የእኔ ምላስ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

መንገዱ ክፍት ነው ሲባል ትናንት ከሰዓት ቢቸና ገባሁ፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ከእማዬ ጋር ተሳፈርን። ለመንገድ ዳቦና ቆሎ ይዛለች፤ ከዚያ ላይ ለግማሹ አውቶብስ አደለች። ከኋላችን የተቀመጠው ወታደር አይ ይቅርብኝ ሲል ኪሱ ውስጥ ጨመረችለት።

ስለ ዳዊት የጠየቀችኝ ትንሽ ነው። ደመወዙን አልጠየቀችም፣ ዘሩንም አልጠየቀችም። እጁ ይፈታል ወይ አለችኝ። እማዬ ሰውን የምትመዝነው ገበታ ላይ ነው፤ እንዴት እንደሚበላ ሳይሆን እንዴት እንደሚያበላ አይታ። ዳዊት ለጋስ ነው አልኳት። እውነቴን ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19፣ አዲስ አበባ

ተመስገን። ሐኪሙ ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግም፣ ጠብታ ይበቃል አለ። እማዬ ከክሊኒኩ ስትወጣ የሱቆቹን ማስታወቂያ ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ዓይኗ ደህና መሆኑን ልታሳይ።

ያረፍነው አክስቴ ብርቄ ቤት ነው፣ የእማዬ ታናሽ። ስለ ነገው ምሳ ስትሰማ እዚያ እባብ ነው የሚቀርበው ብላ አስፈራራቻት። ቀልድ ነው፤ እማዬ ግን ልትቀር ምንም አልቀራትም። ስምልላት አመሸሁ። ጥልፍ ቀሚሷን ተኮስኩላት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ከየት ልጀምር።

ቤቱ ያምራል። የተጠረበ እንጨት፣ የነሐስ ዝሆኖች፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፉ አበቦች፣ ኮቴያቸው የማይሰማ አስተናጋጆች። ተንቀሳቃሹን ደረጃ እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ተሻገረችው። ዳዊት በር ላይ ይጠብቀን ነበር። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ አቀናችው። ጥሩ ጅምር።

ምግቡ መጣ። ቶፉ የሚሉት ከአኩሪ አተር የተሠራ ነገር የገባበት ቀይ ወጥ፣ ሩዝ፣ ከለውዝ ጋር የተጠበሰ ኑድል፣ ፓስታ መሰል ነገር። ወጡ ነጣ ያለው በኮኮናት መሆኑን፣ ከዛፍ እንጂ ከላም አለመሆኑን ዳዊት ራሱ አስረዳት። ሁሉም መሐል ላይ ተቀመጠ። እማዬ ቀመሰች። አየኋት፣ ጣማት። ቃሪያው ልክ እንደምትወደው የሚያቃጥል ነው። ጥቂት ማንኪያ በላችና ማንኪያዋን አስቀምጣ «ተመስገን፣ በቃኝ» አለች።

እኛ ዘንድ ጋባዥ ይህን ሲሰማ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል፣ ምን በሉና ይላል። እንግዳዋ ተግደርድራ ተግደርድራ ትበላለች። ዳዊት ግን «እሺ» አላት። በፍጹም አክብሮት፣ ፈገግ ብሎ፣ «እሺ»። የራሱንም መብላት ቀጠለ።

እኔ ልለምናት አልችልም፤ ጋባዡ እሱ ነው። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ይቅርታ ጠይቆኝ እግሩን ሰበሰበ። አስተናጋጇ መጥታ ላንሳው ወይ ስትል እማዬን አየና አዎ፣ እሳቸው ጠግበዋል አላት። ወጡ ግማሹ እንኳ ሳይነካ ተነሣ። የእማዬ ዓይን እስከ ማድ ቤቱ በር ድረስ ሸኘው።

አክስቴ ቤት እንደገባን ዳቦ አንስታ ቆማ በላች።

«አንድ ጊዜ እንኳን በሞቴ አላለኝም» አለችኝ። «ጭራሽ አስነሣብኝ።»

ወጉን አያውቅም ብላት አልሰማችኝም። ለጋስ ነው ብያት ነበርና እኔንም እንደ ውሸታም አየችኝ። በዳዊትም ተናድጃለሁ፣ በእማዬም፣ በታይላንድም።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ከጽዮን መልስ ደውዬ ነገርኩት። አልገባውም። በቃኝ አሉኝ እኮ ይላል ደጋግሞ። ቆይቶ ስለ አባቱ አወራኝ። ስኳር ነበረባቸው። በየሄዱበት ዘመድ በሞቴ እያለ ያበላቸዋል፤ ማታ ታመው የሚያድሩት ግን ቤታቸው ነው። በመጨረሻም በዚሁ ሞቱ። እናቱ ልጆቿን ሰው በቃኝ ካለ አትጨቅጭቁት ብላ ነው ያሳደገቻቸው። አባቱ በስኳር መሞታቸውን አውቅ ነበር፣ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

አክስቴ ብርቄ ነገሩን ሰምታ ለምሳ ጠራችው። መጣ። ብላ ሲሉት በላ፤ አንድም ጊዜ አልተግደረደረም። እማዬ ጨመረችለት። በላ። ከዚያ «በሞቴ» አለችው፣ ሆን ብላ ይመስለኛል። ፊቱን ላብ አቸፈቸፈው፣ ግን በላ። ደግማ በሞቴ አለችው። በላ። ሰው በሞቱ ከማለ እምቢ ማለት ትልቅ ነውር መስሎታል። አክስቴ ሳቋን መያዝ ሲያቅታት ተነሥታ ጓዳ ገባች።

በመጨረሻ እጁን ሰብስቦ «እማማ፣ ከልቤ ነው የምልዎ፣ በቃኝ» አላት።

እማዬ ጉርሻ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ትኩር ብላ አየችውና ራሷ ጎረሰችው። እስከዛሬ የጠቀለለችውን ጉርሻ ስትመልስ አይቼ አላውቅም። ሲሰናበት ስለ ትናንቱ ይቅርታ ጠየቃት። እግዜር ይስጥልኝ አለችው፣ ሌላ ነገር የለም። ደህና ይሁን መጥፎ አላወቅሁም። እሱም ሦስት ጊዜ ደውሎ ምን አሉ ይለኛል። ምንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22፣ ቢቸና

ዓባይን ተሻግረን ዳገቱን ጨረስን። እማዬ ነገሩን ያነሣችው ደጀን ላይ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ነው። እኛ አልወረድንም።

«አባትሽን አልፈልግም ብዬ ነበር» አለች። «ልጅ ነበርኩ። የለመነኝ እንጂ የሰማኝ የለም። አክስቴ በሞቴ አለችኝ። የንስሐ አባታችንም ለመኑኝ። አገባሁ።»

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ነበር አላለችም። ከሞተ ቆይቷል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ይህን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

«ያ ልጅ በቃኝ ስለው ሰማኝ» አለች። «ተርቤ ወጣሁ እንጂ ሰምቶኛል። አንቺንም ይሰማሻል።»

አለቀስኩ። ቀስ ብዬ ሳይሆን በደንብ አለቀስኩ። ሰው ሲመለስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እሷ ደግሞ ዳቦ አወጣችና አጎረሰችኝ።

ቢቸና መናኸሪያ ስንወርድ፣ ሻንጣውን ይዤ ከኋላዋ ስከተል፣ ዞር ሳትል ተናገረች። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወግ ነውና መጀመሪያ እንመክርበታለን ብለን እንመልሳቸዋለን፣ ያ ልጅ ግን የምር መስሎት እንዳይቀር አስቀድመሽ ንገሪው አለችኝ።

መንገዱ መሐል ላይ ቆሜ ደወልኩለት። ስነግረው «ተመስገን» አለ። ከዚያ ስንት ጊዜ ነው የሚመልሱን ብሎ ጠየቀኝ፤ አጎቶቹ ከአዳማ ነውና የሚመጡት ማረፊያ መያዝ አለበት። እኔም አላውቅም። ሮጬ ደረስኩባትና እማዬን ጠየቅኋት።

እሱን ያን ቀን እናያለን አለችኝ። ስትል ግን እየሳቀች ነበር።