ዘወር ሲል ሰው እንዲያይ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11
እናቴ ሆይ፣ እንደምን ዋልሽ? አባቴ፣ ወገብህን ተሻለህ? ታላቅ እህቴ፣ ታናሹ ወንድሜ፣ ገና ያላየሁህ የእህቴ ልጅ፣ ሁላችሁም እንደምን ዋላችሁ? የማዋየው ዘመድ በአጠገቤ ስለሌለ ስለ ቀኑ ከመጻፌ በፊት እናንተን እጠራለሁ።

የወንበር እግር ስናስተካክል ዋልን። ቸኮልሁ መሰለኝ፣ ጋሼ «ቀስ በል እንጂ! እንጨቱ የሰደበህ ነገር አለ?» አለኝ። ጋሼ የምለው አናጢውን ነው። ይህን ከተማ ስረግጥ ክፍሉን ያካፈለኝ፣ ሙያውንም የሚያስተምረኝ እርሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ጥርሱ ተነሣበት። አፉን መክፈት አቃተው። ምሽቱን ሁሉ ከክፍላችን አልወጣንም፤ ፎጣ በሙቅ ውኃ እየነከርሁ ጉንጩ ላይ ያዝሁለት። «ሳላገባ ሚስት አገኘሁ» አለ፣ በግማሽ አፉ እየሳቀ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13
ጋሼን ፖሊሶች ወሰዱት።

ቅዳሜ ምሽት ከጎረቤታችን የብረታ ብረት ቤት የብየዳ ማሽን ተሰርቋል። ዘበኛው «ተሸክሞ ሲወጣ ያየሁት አናጢውን ነው» ብሏል። ቅዳሜ ምሽት? ፎጣ ይዤለት አልነበረምን?

ጣቢያ ሮጥሁ። መርማሪው ወንበር ሰጠኝ። «ከቤት አልወጣም፣ አብረን ነበርን» አልሁ... ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።
«ቃልህን ተቀብያለሁ፣ ወንድሜ።»
«እንግዲያው ይልቀቁልኝ።»
«እኔ አጣራለሁ። ዐቃቤ ሕግ ይከሳል ወይ ይተዋል። ዳኛ ይፈርዳል።»
«ከሁሉም የሚበልጠው የትኛው ነው?»
ሳቀ። «እሱን አታንሣ፣ እኛም እንጣላበታለን።»

ጥቅምት 15
ዐቃቤ ሕጓ ዘንድ ገባሁ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «እኔን ይክሰሱኝና እርሱን ይተዉት» አልኋቸው።
«አንተን በምን?»
«...በምንም። ምንም አላደረግሁም።»
«እንግዲያው አልችልም» አሉ፤ ግን አልተቆጡም። «የዘበኛውን ቃል ይዤ ክሱን አቀርባለሁ። አንተ ያየኸውን ለፍርድ ቤት ትናገራለህ።»
ሁሉም የየራሱ በር አለው። እኔ ሁሉንም የማንኳኳው በተሳሳተ ቀን ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 19
ማረሚያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁት። ከስቷል። አፉን ከፍቶ ክፍተቱን አሳየኝ። በገባ ዕለት የማረሚያ ቤቱ ነርስ ጥርሱን ነቅላለታለች። «ለጥርሴ ብዬ ነው የገባሁት በላቸው» አለ። እኔን ለማሳቅ ነው። አልሳቅሁም። ስወጣ በረኛውን ለመንሁት። «ወንድሜ፣ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፤ ትእዛዙ ግን ከዳኛ ነው የሚመጣው» አለኝ። እርሱም አዝኖ ነበር።

ኅዳር 4
አበላሸሁት።

ጠበቃው፣ መንግሥት ያቆመለት ወጣት፣ አስጠንቅቆኝ ነበር። «ምስክር እስኪጠራ ውጭ ይቆያል። የሌላውን ምስክር ቃል መስማት የለበትም።» ገርበብ ካለው በር አጠገብ ቆምሁ። ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» ሲሉ ተሰማኝ። ጋሼ ዘወር ብሎ ከኋላው ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች አየ። ባዶ ነበሩ... እግሬ ገባ። ሳላዝዘው ገባ። በሚያየኝ ቦታ ተቀመጥሁ።
«አልፈጸምኩም» አለ ጋሼ።

ያን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ። እንዴት ልውጣ? ዘበኛው ቀረበ፤ «ኦቾሎኒ እየቆረጠመ በአጠገቤ አለፈ» አለ። ኦቾሎኒ! በዚያ ጥርስ?

ተራዬ ደርሶ ስለ ጥርሱ ስናገር ዐቃቤ ሕጓ ተነሡ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ምስክር ተቀምጦ ሲሰማ ነበር። ለፖሊስ በሰጠው ቃል ደግሞ ስለ ጥርስ አልተናገረም።» እውነታቸውን ነው። በፍርሃቴ ትዝ አላለኝም ነበር።
«ለምን ገባህ?» አሉ ዳኛው።
«ብቻውን ነበር፣ ጌታዬ። ዘወር ሲል ሰው እንዲያይ ብዬ ነው።»
መነጽራቸውን አወለቁ። ቃሌን በጥንቃቄ እንደሚመዝኑት ተናገሩ። ጠበቃው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይኼኔ ጋሼ ሳይፈቀድለት «የነቀለችኝ ሴትዮ አለች እኮ!» ብሎ ጮኸ። ጸሐፊዋ ሳቀች። ዐቃቤ ሕጓ ግን አልሳቁም። «ነርሷ እንድትጠራ እኔም እጠይቃለሁ» አሉ። ከሳሿ! ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ።

ኅዳር 11
ሚስማሩን ስስት ጣቴን መታሁ። ቢፈረድበትስ? በእኔ እግር...

ኅዳር 18
ነርሷ መጣች። አጭር ሴት፣ ድምፅዋ ቆፍጠን ያለ። «ሲመጣ መግሉ የሰነበተ ነበር። እንኳን ኦቾሎኒ፣ ውኃ በጭንቅ ነበር የሚውጠው።» ዘበኛው ዳግም ተጠየቀ። «ፊቱን አላየሁም፤ ቁመቱን ነው» አለ። ዐቃቤ ሕጓ በክሱ እንደማይገፉበት ተናገሩ። ዳኛው «በነፃ ይሰናበት» አሉ። የመፈቻው ወረቀት ማረሚያ ቤቱ እስኪደርስ በሩ ላይ ጠበቅሁ። በረኛው ከሩቅ አይቶኝ «አሁን እከፍታለሁ!» አለ።

ኅዳር 20
ጋሼ ሥራ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ሲያስጨንቀኝ የዋለውን ጠየቅሁት።
«ያን ቀን ምስክርነቴን በማበላሸቴ ተቀይመኸኛል?»
መዶሻውን አስቀመጠ።
«አብረውኝ የታሰሩት 'እመንና ይቅለልህ' ብለውኝ ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። ዳኛው ሲጠይቁኝ 'አዎ' ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘወር ስል መጣህ።»
እንጨቱን አጥብቄ ያዝሁለት። ሚስማሩን መታ።